ሰፈሩ መድረክ ሲሆን፦ ፒያሳ ላይ የእግር ጉዞ ትርኢት ለመታደም

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስድስት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ትኬቱ ላይ «9:00» ይላል። እኔ ውሎዬ ከፈረንጅ ሰዓት ጋር ስለሆነ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ተገትሬ መሪውን እፈልጋለሁ። ለካ ትርኢቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደውዬ ስጠይቅ ልጅቷ ሳቀች። «በቃ ወንድሜ፣ ሰፈሩን እየዞርክ ጠብቀን» አለችኝ። ዞርኩ። በኋላ ሳስበው፣ ከዚያ ወዲህ ካደረግሁት ዝግጅት ሁሉ የጠቀመኝ ያ ስህተት ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ላስረዳ። የእግር ጉዞ ትርኢት ማለት ታዳሚው ወንበር ላይ የማይቀመጥበት ቲያትር ነው። አሥርም ሃያም ሰው ሆናችሁ በአንድ ሰፈር ውስጥ ትሄዳላችሁ። ታሪኩ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። አንዱ ተዋናይ ከበር ይወጣል፣ ሌላው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ተዋናይ የለም፤ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ የሚመራችሁን ድምፅ ትከተላላችሁ። መሀል ላይ ይጠይቋችኋል። «በዚህ እንሂድ በዚያ?» ይሏችኋል። እጃችሁ ላይ የቤት ቁልፍ አስይዘው «ይሄ የየትኛው በር ይመስላችኋል?» ይላሉ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያምረው በሚለወጥ ሰፈር ውስጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ከፒያሳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ስለዚህ ምሳሌዬ ሁሉ ፒያሳ ነው። ካዛንቺስ ወይም ሌላ ቦታ የምትሄዱም አሠራሩ ያው ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። አንዱ በተዋናይ የሚመራ ነው። አንዱ በጆሮ ማዳመጫ የሚመራ ነው። ሦስተኛው ጨዋታ ይመስላል፤ ካርታ ወይም ደብዳቤ ይሰጧችሁና ራሳችሁ እየፈለጋችሁ ትሄዳላችሁ። ሰው ፊት መናገር ለሚከብደው ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል። ለቡድን ጓደኛሞች ሦስተኛው ነው የሚያስቀው። እኔ ግን የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። የተቀዳ ድምፅ ለሚያልፍ ሰው መልስ አይሰጥም። ተዋናይ ይሰጣል። ፒያሳ ላይ ደግሞ የሚያልፍ ሰው ዝም አይልም።

ከዚያ ደውላችሁ ጠይቁ። ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ሰው በአንድ ቡድን ይሄዳል? ደረጃ አለው? ዝናብ ቢመጣ ይሰረዛል ወይስ ይቀጥላል? በየትኛው ቋንቋ ነው? ይቀረፃል ወይ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከዚያ ፊቱን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይቶ ይናደዳል።

ቁጥርን በተመለከተ የራሴ መለኪያ አለኝ። ከሃያ አምስት ሰው በላይ ከሆነ አልሄድም። ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ አርባ ሰው ተኮልኩሎ ትርኢት አያይም። ሰልፍ ነው የሚመስለው። ኋላ ያለው ምንም አይሰማም፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ በሩ ይዘጋበታል፣ ፖሊስም መጥቶ «ምንድን ነው?» ይላል።

ስለ ሰዓቱ የእኔን ጉድ ነግሬያችኋለሁ። «ከጠዋቱ ነው ከቀኑ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ። ቀኑንም እንዲሁ። ማስታወቂያው በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ሊሆን ይችላል። «በ12» ሲባል የየትኛው ወር 12 እንደሆነ አረጋግጡ።

ምርጫ ካላችሁ የዘጠኝ ሰዓቱን ያዙ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከ11 ሰዓት ከጀመራችሁ ደግሞ ማለቂያው ላይ ይጨልማል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የዘጠኝ ሰዓቱ ጉዞ ሲያልቅ ብርሃኑ በድንጋይ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

ሰፈሩን ቀድማችሁ ቅመሱት

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል። ምክንያቱም ትርኢቱን የሚያጣፍጠውም የሚያበላሸውም ይሄ ነው።

ምንም ሳያውቁ የሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ሲደርስባቸው አይቻለሁ። ተዋናዩ «እዚህ ጋ ደርሰን ወደ እሪ በከንቱ ስንወርድ…» ሲል ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ጎናቸው ያለችው ሴትዮ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንድ መንገድ ላይ ሆነው ሁለት ትርኢት እያዩ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ስሞቹን ያዙ። ፒያሳ የጣሊያን ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቦታው አራዳ ነበር። ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያኖች ናቸው ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስደው ዛሬ መርካቶ የምንለውን ያደረጉት። ገበያው ሄዶ ስሙ ቀረ። «አራዳ» ዛሬ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ሰው ነው። ንቁ፣ ቀልጣፋ፣ የማይሸወድ። ተቃራኒውን «ፋራ» ማለት የጀመረውም የዚሁ አካባቢ ልጅ ይመስለኛል። የከተማ ልጅ ሁሉ ግን የእኔ ነው ይላል።

ቀጥላችሁ የሰፈር ስሞቹን ስሙ። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር ነበር። ሰባራ ባቡር ስሙን ያገኘው ተበላሽቶ እዚያው ከቀረ የመንገድ መዳመጫ ባቡር ነው ይባላል። ሰባ ደረጃ እንደ ስሙ ደረጃ ነው፤ ጉልበታችሁ ያውቀዋል። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ውቤ በረሃ፣ ገዳም ሰፈር፣ አፍንጮ በር። ስሞቹን እንዲሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ግማሹ ትርኢት እዚያ ውስጥ አለ።

ከዚያ ደግሞ መነሣትና መመለስን ተከተሉ። ፒያሳ ላይ ሐውልትም ተሰዶ ያውቃል። አፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው የቆሙበት ሐውልት በ1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው የተመረቀው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው። ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። ትንሽ ወረድ ሲሉ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ጳጳሱን ፋሺስቶች በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጥይት የረሸኗቸው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሐውልታቸው ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። አትክልት ተራ ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ወደ ፒያሳም አልተመለሰም። በ2016 ዓ.ም. የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከጊዮርጊስና ከማዘጋጃ ቤት አጠገብ ተመረቀ። ወዲያው በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ።

ይሄን ሁሉ ሸምድዱ አላልኳችሁም። ጉዞው ላይ ስትቆሙ «ይሄ ከተነሡትና ከተመለሱት ነው ወይስ ተነሥተው ከቀሩት?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው።

ከመጽሐፍ ይልቅ ግን አንድ አዛውንት ይሻላሉ። ፒያሳ ያደገ አጎት፣ አክስት፣ የጎረቤት እናት የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቋቸው። ዳቦ ከየት ትገዙ ነበር? ሲኒማ የት ትገቡ ነበር? ትምህርት ቤት በየት በኩል ነበር የምትሄዱት? «ፒያሳ እንዴት ነበረች?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኧረ ምኑን ልንገርህ!» ብለው ይተዉታል። ስለ ዳቦው ከጠየቃችኋቸው ግን ሰዓት ሙሉ አይለቋችሁም።

ጫማ፣ ልብስ፣ ኪስ

ይሄ ባጭሩ ያልቃል። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ዳገትም አለው። ቆላ የለመደ ሰው ትንሽ ያለከልካል። ተረከዘ ረጅም ጫማ አይሆንም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ያማረ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። ክረምት ላይ ከሆነ ጃንጥላ ሳይሆን ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዙ። ሃያ ጃንጥላ ባንድ ላይ ሲዘረጋ ተዋናዩ አይታይም።

የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ። መታወቂያ አትርሱ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ በተለይ ድምፁ በራሳችሁ ስልክ የሚመጣ ከሆነ። ዝርዝር ብርም ያዙ። የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ቴሌብር ልትቀበል ትችላለች፣ ጉሊት የያዘችው እናት ግን ላትቀበል ትችላለች። ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ጆሯችሁ ተደፍኖ፣ ዓይናችሁ ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ስትሄዱ ኪሳችሁን የሚከታተል ሌላ ታዳሚ ይኖራል።

መገናኛው ቦታ ላይ

ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከቦሌም ከሜክሲኮም ታክሲ አለ፤ ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጠራችኋል። መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ መጸዳጃ ቤት መፈለግ ነው። ቀልዴን አይደለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ መሀል መንገድ ላይ ናችሁ። በጉዞው መካከል «አንዴ» ብሎ የወጣ ሰው ቡድኑን ካጣ ታሪኩንም አጣ።

መሪው ማን እንደሆነ አይታችሁ ልብ በሉ፤ ምን ለብሷል፣ ምን ይዟል። ቁጥሩን መዝግቡ። ጆሮ ማዳመጫ ከሰጧችሁ እዚያው ሞክሩት። ከተነሣችሁ በኋላ «አይሰማኝም» ማለት ሁሉንም ያስቆማል። ድምፁን በጣም አትጨምሩት። የመኪና ጥሩንባ መስማት አለባችሁ። እኔ አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጌ ነው የምሄደው። አዘጋጆቹ አይወዱትም። እኔ ደግሞ ሚኒባስ አልወድም።

መንገድ ስትሻገሩ ትርኢት የለም። ተዋናዩ እየሮጠ ቢሻገር እንኳ እናንተ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ።

«ተቀበል!» ሲሉህ

ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። «ሰው መሀል ያስነሡኝ ይሆን?» ይላል። የኛ ሰው ይሄን መፍራቱ ግን ይገርመኛል። ታዳሚ የሚሳተፍበት ትርኢት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለናል። አዝማሪ ቤት ምንድን ነው ታዲያ? እዚያ ግጥሙን የሚሰጠው ተመልካቹ ነው። «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበላል። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅ በየደጁ ዞሮ ትርኢት አሳይቷል፤ ባለቤቱም ሙልሙሉን ይዞ ወጥቶ የትርኢቱ አካል ሆኗል። ድሮ በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቾቹ መንገደኛውን አስቁመው ፍረደን ይሉት ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ በሰው ነገር ውስጥ መግባት የአያቶቻችን ሙያ ነው።

ስለዚህ ሲጠይቋችሁ እንዲህ አድርጉ።

አጭር መልስ ስጡ። «ይሄ በር ቢከፈት ማን ይወጣል?» ካለችህ «አክስቴ» በቃ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጥሩ ተዋናይ በዚያች አንድ ቃል ብዙ ይሠራባታል።

እውነቱን ተናገሩ። ቀልድ ለመጨመር፣ ብልጥ ለመምሰል አትሞክሩ። አንድ ጊዜ አብሮን የነበረ ሰው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀልድ ያወጣ ነበር። መጀመሪያ ሳቅን። ሦስተኛው ላይ ደከመን። ስድስተኛው ላይ ተዋናይቱ ራሷ ወደ እሱ ማየት ተወች። አዝማሪ ቤት እንኳ አንድ ሰው ብቻውን ግጥም ሲሰጥ ካመሸ ሌላው ቢራውን ጨልጦ ይወጣል።

ካልፈለጋችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ይለፈኝ» በሉ። ነውር የለውም። ደህና የሠለጠነ ተዋናይ ወዲያው ወደ ሌላው ይሄዳል። አስጨንቆ የሚይዛችሁ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

የሚያስይዟችሁን ነገር ያዙ። ቁልፍ፣ ፎቶ፣ የቡና ሲኒ ሊሆን ይችላል። ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ኋላ ላይ ይፈልጉታል። እኔ አንዴ የተሰጠችኝን የሻይ ማንኪያ ኪሴ ከትቼ ረስቻት ቤት ይዣት ገብቻለሁ። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ሰባት ሲኒ ቀርቦ ስድስት ማንኪያ ብቻ ሲገኝ እኔ እንደ ሌላው ሰው ግራ ገብቶኝ ቆሜ አይ ነበር። በማግሥቱ መለስኩላቸው።

ግጥም፣ ዘፈን፣ ጭብጨባ ካለ ግን አትቆጠቡ። ተቀባይ የሌለው ዜማ መንገድ ላይ ብርድ ይመታዋል።

ማን ተዋናይ ነው፣ ማን የሰፈር ሰው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚረቀው። ሊስትሮው ተዋናይ ነው? ሎተሪ አዟሪውስ? ደረጃ ላይ ከዘራ ይዘው የተቀመጡት አባት? አታውቁም። አዘጋጆቹም ሆን ብለው ነው የማይነግሯችሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁሉንም እንደ እውነተኛ ሰው ያዙ። ሰላምታ ስጡ። «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብሎ የከሰረ የለም። ተዋናይ ከሆኑ ደስ ይላቸዋል። የሰፈር ሰው ከሆኑም ክብራቸው ተጠብቋል። ተቃራኒውን ያደረገች ልጅ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ፊት ቆማ ጓደኛዋን «አሪፍ ይጫወታል አይደል?» አለቻት። ሽማግሌው ተዋናይ አልነበሩም። ታክሲ እየጠበቁ ነበር።

በተገላቢጦሽ ደግሞ ያየሁት አለ። ተዋናዩ ወጣት ነው። አንድ ባዶ ቦታ ላይ አቁሞን «እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሽታው እስከ ላይ ይወጣ ነበር» ይላል። ነጠላ የለበሱ እናት ከኋላችን ቆመው ኖሯል።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ዳቦ ቤቱ በዚህ በኩል አልነበረም» አሉ።

ልጁ ደነገጠ። ከዚያ ግን ያደረገውን እስከ ዛሬ አደንቅለታለሁ። ጽሑፉን ተወው። «እማማ፣ የት ነበር?» አላቸው። ይዘውን ሄዱ። ምናልባት አርባ እርምጃ ይሆናል። አሁን ሣርና አበባ የተተከለበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት ቦታ ላይ ቆሙ። «ይኸው እዚህ ጋ ነበር። እዚህ ደግሞ የኛ በር። እዚህ ውኃው። የእድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያ» እያሉ በእጃቸው ሠሩልን። ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ አስገቡን። አሁን የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ለጊዮርጊስ ሲመጡ ነው በዚህ የሚያልፉት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውኃም መብራትም አለው አሉ። «ቡናው ግን ጠሪ የለውም» አሉ።

ከዚያ ተሰናበቱን። ትርኢቱ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ማንም አላጉረመረመም።

ይሄ የሚደርሰው ሁልጊዜ አይደለም። እንዲደርስ ግን ቦታ ልቀቁለት። የሰፈር ሰው ጣልቃ ሲገባ «እሽ!» አትበሉ። መሪውን «እንቀጥል እንጂ» አትበሉት። ግጥሙ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው፤ እናንተ ተቀበሉ።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ ይቅር። «ካሳ ስንት ሰጧችሁ?» መንገድ ላይ፣ ሃያ ሰው ፊት፣ የሚጠየቅ አይደለም። «ደስ ብሏችኋል ወይስ ከፍቷችኋል?» የሚለውም እንዲሁ። ሰው ስለ ፈረሰ ቤቱ ያለው ስሜት አንድ አይደለም። ጣሪያው ሲያፈስበት፣ መጸዳጃ ለስምንት አባወራ ሲጋራ የኖረ ሰው አለ። ያንኑ ቤት እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ሁለቱም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። «ማን ነበር ጎረቤታችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄኛው አያስቀይምም፣ ረጅም መልስም አለው።

ካሜራ

ብትችሉ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። የማትችሉ ከሆነ ሦስት ነገር። ሰው ስታነሡ አስፈቅዱ። ልጆች ከሆኑ ወላጅ ሳይኖር አታንሡ። ጥበቃ ያለበት የመንግሥት ሕንፃ አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አታውጡት። ዘበኛው «ምን እያነሣህ ነው?» ብሎ ከጀመረ፣ ማስረዳቱ ከትርኢቱ ይረዝማል። ቡድኑ ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ መሪውን ጠይቁ።

አንድ ምክር ግን ልጨምር፣ ድምፅ ቅዱ። አስፈቅዳችሁ፣ ስልኩን እጃችሁ ላይ እንደያዛችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ። የጊዮርጊስ ደወል፣ የወያላ ጥሪ፣ የሲኒ ቅጭልጭል። ፎቶውን ከእናንተ የተሻለ ያነሣ ሰው ሞልቷል። ድምፁን ግን ማንም አይቀዳም።

ልጅ፣ አዛውንት፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ

ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁለት ሰዓት አይችልም። ከያዛችሁት ግን ቁልፍ የሚያስይዙት እሱን ነው፣ እሱም ከማናችሁም በላይ ይጫወታል። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ መንገዱ ደረጃ አለው ወይ የሚለውን ጥያቄ አደራ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከድሮው በብዙ ይሻላል፣ ውስጥ ውስጡ ግን አሁንም ያስቸግራል።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ትንሽ አዘጋጁት። ሃያ ዓመት ዋሽንግተን የኖረ የአክስት ልጅ ፒያሳ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው። አያገኘውም። ከዚያ ሁሉም ሰው የእሱን ቤት እንዲፈልግለት ይፈልጋል። አንድ ቀን ለብቻው ቀድማችሁ ውሰዱት፣ ይፈልግ፣ ያልቅስ፣ ማኪያቶ ይጠጣ። በማግሥቱ ለትርኢቱ ይመጣል። የኔው ዘመድ እንዲህ ካደረግን በኋላ መንገድ ላይ አንድ ነገር ነገረኝ። እሱ የሚያውቃት የዋሽንግተን ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ፣ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት ሲከፍቱባት የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበረች። ከዚያ ኪራዩ ናረ፣ የኛዎቹም ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂኒያ ወጡ። «ስገባ ማን እንደወጣልኝ አልጠየቅሁም ነበር» አለኝ። ፒያሳ ላይ ነው ትዝ ያለው።

ሲያልቅ

መጨረሻው ላይ ጭብጨባ ይሁን አይሁን ግራ ይገባችኋል። መጋረጃ የለም። ተዋንያኑ አንዳንዴ ዝም ብለው ሰው ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። መሪው ቆሞ ካመሰገነ አጨብጭቡ። ካልሆነ እዚያው ትንሽ ቁሙ።

ወዲያው ታክሲ አትፈልጉ። አብረዋችሁ ከሄዱት ውስጥ ሁለት ሦስቱን ያዙና ቡና ጠጡ። ጣይቱ ሆቴል ቅርብ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጥሎ ደግሞ ታድሷል። ከዚያ የሚቀርብ ጀበናም ካያችሁ ተቀመጡ። አንዱ ያየውን ሌላው አላየውም። እኔ ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ተዋናይ አምልጦኛል። ሎተሪ አዟሪዋ ነበረች። ገዝቻታለሁ፣ ቁጥሩም እውነተኛ ቁጥር ነበር።

ቤት ሳትገቡ ስሞቹን ጻፉ። የቆማችሁባቸውን ቦታዎች፣ የሰማችኋቸውን የሰው ስሞች፣ «ዳቦ ቤቱ አርባ እርምጃ ወደዚህ» የመሰለውን። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ይጠፋል። ከዚያ መጀመሪያ ዳቦ የጠየቃችኋቸውን አዛውንት ደውሉላቸውና የሰማችሁትን ንገሯቸው። «ውሸት ነው!» ይሏችኋል። እርማቱን ጻፉት።

ለአዘጋጆቹ አስተያየት ስትሰጡ በግልጽ ስጡ። የማይሰማ ቦታ ካለ፣ መሻገሪያው አደገኛ ከሆነ፣ ታሪኩ ከተሳሳተ ንገሯቸው። ተዋንያኑ ከሰፈሩ ልጆች መሀል አሉበት ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ካሉበት ትኬት ለጓደኛም እገዛለሁ።

ከ11 ተኩል በኋላ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል። ወደ ቦሌም ወደ መገናኛም የምትሄዱ ከሆነ ወደ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲያ ነው። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፣ ዳገቱ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል። ያን ቀን ከኋላችን ቆመው የነበሩትን እናት ያገኘኋቸውም በዚሁ መንገድ ነው። የእጅ ቦርሳቸውን ተቀብዬ ድልድዩ ድረስ አብረን ወረድን። ዳቦ ቤቱ የማን እንደነበር ነገሩኝ።